በቡና ቆርቆሮ የተገኘ ጥይት፦ ይሸጣል፣ ይተኮሳል ወይስ ይወገዳል?

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ስልክ ደወለ። ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝቶ ቤዝመንቱን እያጸዳ ነበር። "የቡና ቆርቆሮ አገኘሁ፤ ግን ቡና የለበትም" አለኝ። ስደርስ ቆርቆሮው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እስከ ግማሹ በትንንሽ ጥይት ተሞልቷል። ከጎኑ አራት የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረዋል። ወዳጄ ዓይኑ እያበራ ጠየቀኝ፦ "ሀብት ነው? ካልሆነስ ወስደን እንተኩሰው?"

በአሮጌ ሪምፋየር ጥይት ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው መተኮስ የሌለበት ነው። ሊተኮስ የሚችለው ደግሞ ያን ያህል ዋጋ የለውም። ከሁለቱም የማይመደብ ሦስተኛ ክምር አለ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ትልቁ ክምር እሱ ነው። ሥራው እነዚህን ሦስቱን መለየት ነው።

ሪምፋየር ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። አገር ቤት የምናውቀው ጥይት፣ ከስናድርና ከውጅግራ እስከ ክላሽ ድረስ፣ ቂጡ መሃል ላይ ካፕሱል አለው። የጠመንጃው መርፌ የሚመታው እሱን ነው። ሪምፋየር ካፕሱል የለውም። የሚቀጣጠለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ፣ በታጠፈው ቀለበት ዙሪያ ነው የተቀመጠው። መርፌው ጠርዙን ሲደቁሰው ይቀጣጠላል። ለዚህም ሲባል ቀለሁ ስስ ነው። አንዴ ከተተኮሰ ተሞልቶ ዳግመኛ አይሠራም። ዘመን ሲያልፍም መጀመሪያ የሚደክመው ይኸው የጠርዙ ቅመም ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጓንት አድርጉ፤ ምንም ነገር አታጽዱ

በአሮጌ ጥይት እርሳስ (ተተኩሶ በሚወጣው ጫፉ) ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ሻጋታ አይደለም። የእርሳሱ ዝገት ነው፤ መርዝ ነው። ቀጭን ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ "እፍ" አትበሉበት። ስትጨርሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። በእጃችን እንጀራ የምንቆርስ ሰዎች ስለሆንን ይህ ነገር ከሌላው በላይ እኛን ይመለከታል። ወዳጄ ጥይቱን በባዶ እጁ ሲያገላብጥ ቆይቶ "ምሳ እንብላ" ሲለኝ በትከሻው ይዤ ወደ ሲንኩ ነው የወሰድኩት። ጠረጴዛውንም አብረን ወለወልን።

ጥይቱን ግን አትወልውሉት። ዘይትም አትርጩበት። ዘይት ሰርጎ ይገባና ቅመሙን ይገድለዋል። አሮጌ ጥይት የሚሰበስብ ሰውም ያብረቀረቀ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በፒንሳ መቆንጠጥ፣ እርሳሱን ለመንቀል መሞከር፣ በመዶሻ ማቃናት ፈጽሞ አይታሰብም። ጠርዙ ከተደቆሰ ሊፈነዳ ይችላል። ከጠመንጃ ውጪ የፈነዳ ጥይት እርሳሱ ሩቅ ባይሄድም የቀለሁ ስባሪ ዓይን ያጠፋል።

2. ጥይቱን መያዝ ይፈቀድላችሁ እንደሆነ እወቁ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አሜሪካ ውስጥ በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ጥይት መያዝም በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰውም ተከልክሏል። በከባድ ወንጀል ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትም እንዲሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ረገድ ችግር የለበትም። የጥገኝነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ቆርቆሮውን ከመንካቱ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ። "አንድ ፍሬ ጥይት ምን ያመጣል" የሚባል ነገር የለም፤ አንዷ ፍሬም ጥይት ናት።

የክፍለ ግዛት ሕግም ይለያያል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥይት መያዙ ራሱ ያስጠይቃል። ኢሊኖይ ነዋሪዋን የመሣሪያ ባለቤትነት መታወቂያ ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ከ2019፣ ኒው ዮርክ ከ2023 ጀምሮ ጥይት ገዢ ማንነቱና የወንጀል መዝገቡ እንዲጣራ አድርገዋል። እነዚህ ሕጎች በፍርድ ቤት ሲከራከሩባቸው ስለሚኖር በምትሸጡበት ቀን ያለውን አጣሩ። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ በዲሲ በኩል አቋርጣችሁ የምትነዱም ይህን አስቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው አስቦት ስለማውቅ። "ለአባቴ ማስታወሻ ልውሰድለት" ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በፈቃድ ብቻ ነው።

3. በዓይነት ለዩ

ፎጣ ዘርጉ፣ ማስመሪያ አምጡ። በብዛት የምታገኙት 22 የሚባለው ካሊበር (ውፍረት) ነው። ቀለሁን ብቻ፣ እርሳሱን ሳትጨምሩ ለኩ። 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 22 ሾርት ነው። ይህ ጥይት በ1857 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለመጀመሪያ ሪቮልቨሩ ያወጣው ሲሆን እስከ ዛሬ ይመረታል። 15 ተኩል ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 22 ሎንግ ወይም 22 ሎንግ ራይፍል ነው። ሁለቱ ቀለሃቸው አንድ ነው፤ የሎንግ እርሳስ ግን አጠር ያለና ቀላል ነው። ሎንግ ራይፍል በ1887 የወጣ፣ ዛሬ በየሱቁ ያለው ነው። 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ በ1959 የመጣው 22 ማግነም ነው።

እዚህ ላይ መሳሳት አደጋ አለው። ሎንግ ራይፍል በማግነም ጠመንጃ ውስጥ ይገባል፤ ግን ይሰፋዋል። ቢተኮስ ቀለሁ ይሰነጠቃል፣ ጋዙ ወደ ኋላ ይመጣል። ሾርት በሎንግ ራይፍል ጠመንጃ ይተኮሳል። 22 ዊንቸስተር ኦቶማቲክ የሚል ሳጥን ካገኛችሁ ደግሞ ለአንድ ጠመንጃ፣ ለ1903ቱ ዊንቸስተር ብቻ የተሠራ ነው። ሌላ ውስጥ ልግባ ቢል አታስገድዱት።

ከ22 የወፈረ ሪምፋየር ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት። 25 ስቲቨንስ፣ 32፣ በሬሚንግተን ዴሪንጀር (ትንሽ የኪስ ሽጉጥ) የታወቀው 41፣ የ44 ሄንሪ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የነበረው ስፔንሰር፣ እነዚህ ሁሉ በትልልቅ ፋብሪካዎች መመረት ካቆሙ ቆይተዋል። ሰብሳቢ በፍሬ ይገዛቸዋል። አገር ቤት ገጠር ጥይት በፍሬ እንደሚቆጠረው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለመተኮስ ማሰብ ማባከን ነው።

4. ሳጥኑን አንብቡ

የዚህ ሥራ ጣዕሙ እዚህ ነው። ጥይቱ ራሱ ብዙ አይናገርም። ቂጡ ላይ አንድ ፊደል ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ "ኤች" ወይም "ዩ"። "ኤች" ዊንቸስተር ነው፤ ለመሐንዲሱ ለቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ክብር የተቀረጸ። "ዩ" ዩኒየን ሜታሊክ ካርትሪጅ ነው፤ በኋላ ሬሚንግተን ወርሶታል። ሁለቱም ፊደሎች ለአሥርት ዓመታት ስለተሠራባቸው ፊደሉ ፋብሪካውን እንጂ ዘመኑን አይነግራችሁም። ዘመኑ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው።

ከኋላ ወደ ፊት እንሂድ። ባርኮድ አለው? እንግዲያው ከ1974 በኋላ ነው፤ ጥንታዊ አይደለም። የፋብሪካው አድራሻ ባለ አምስት አኃዝ ዚፕ ኮድ (የፖስታ መለያ ቁጥር) አለው? ዚፕ ኮድ በ1963 ነው የተጀመረው፤ ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ልባችሁ ትንሽ ይምታ።

ቀጥሎ የፋብሪካውን ስም እዩ። ዩኒየን ሜታሊክ የሚል ብቻ ከሆነ፣ ሬሚንግተን የሚለው ስም ከሌለ፣ ሁለቱ ከመጣመራቸው በፊት፣ ከ1912 በፊት ገደማ ነው። ፒተርስ የሚል ከሆነ ከተማውን ፈልጉ። ሲንሲናቲ የሚለው ሬሚንግተን በ1934 ፒተርስን ከመግዛቱ በፊት ነው። ብሪጅፖርት የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ዊንቸስተርም ከስሮ በ1931 መጨረሻ በዌስተርን ካርትሪጅ እጅ ገብቷል።

ክሊንቦር፣ ስቴይንለስ፣ ረስትለስ የሚሉት ቃላት ሌላ ምልክት ናቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎቹ በርሜል የማያዝግ ቅመም ሲያገኙ "የኛ አያዝግም" ለማለት የሰጡት ስም ነው። የጥንቱ ቅመም ከተተኮሰ በኋላ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል። በማግስቱ በርሜሉ ውስጥ ዝገት ትቀበላላችሁ። ስለዚህ ከነዚህ ቃላት አንዱ የሌለበት የጥንት ሳጥን "ያዝጋል" ተብሎ ነው የሚወሰደው።

የሳጥኑ አሠራርም ይናገራል። ክዳኑና ሥሩ ለየብቻ የሆኑ፣ ዙሪያውን በታተመ ወረቀት የታሸጉ ሳጥኖች በአብዛኛው የቀድሞዎቹ ናቸው። እንደ መድኃኒት ካርቶን ጫፍና ጫፉ የሚከፈተው ኋላ የመጣ ነው።

ከወዳጄ አራት ሳጥኖች አንዱ ባርኮድ ነበረው። ሁለተኛው ዚፕ ኮድ። ሦስተኛው ውኃ ጠጥቶ ካርቶኑ እንደ ረጠበ ዳቦ ሆኗል። አራተኛውን በስልኬ መብራት አየሁት፦ ፒተርስ፣ ሲንሲናቲ፣ እሽጉ ዙሪያውን ያልተቀደደ። ወዳጄ በጥፍሩ ሊከፍተው ሲል "ተው!" ብዬ ጮህኩ። በአንድ ጥፍር የዋጋው ትልቁ ክፍል ይሄድ ነበር።

5. ምን ዋጋ አለው?

ሰብሳቢ በአብዛኛው የሚገዛው ካርቶኑን ነው፤ ጥይቱ አጃቢ ነው። ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ጥጉ ያልተቀደደ፣ ክዳኑ ላይ የዋጋ ምልክት ያልተለጠፈበት፣ ሙሉ፣ ከተቻለ ያልተከፈተ ሳጥን ይፈልጋል። ያልተከፈተውን አትክፈቱ። ባዶውንም አትጣሉ፤ ባዶ ሳጥን ራሱ ገዢ አለው። ሳጥን ውስጥ የሌላ ፋብሪካ ጥይት ተደባልቆ ከሆነ ለገዢው ንገሩት እንጂ ለማሳመር አታስተካክሉ።

በቆርቆሮ የተዘረገፈ፣ ሳጥን የሌለው 22 ዋጋው ዜሮ በሉት። ማን፣ መቼ እንደሠራው የማይታወቅ ጥይት ማንም አስተዋይ ሰው አይገዛም።

ባርኮድ ያላቸው ሳጥኖች ላይ ራሳችሁን አታታሉ። በ2012 መጨረሻ ከተነሣው የመሣሪያ ሕግ ክርክር በኋላ 22 ጥይት ከሱቅ ጠፍቶ ሰው በካርቶን ሲያከማች ነበር። በ2020ም ተደገመ። ያ ሁሉ ክምችት ዛሬ ከየጋራዡ እየወጣ ነው። ርካሽ የሚባለው አዲስ ሎንግ ራይፍል በፍሬ ከ10 ሳንቲም በታች እየተገኘ ያን በውድ የሚገዛ የለም። ደረቅ ቦታ ከቆየ ግን ጥሩ ተኩስ ነው።

ዋጋ ስትፈልጉ "የተጠየቀውን" ሳይሆን "የተሸጠበትን" ተመልከቱ። የኦንላይን ጨረታ ላይ 300 ዶላር የተለጠፈበት ሳጥን ለሁለት ዓመት ሳይሸጥ ይቀመጣል። ያው ሳጥን ባለፈው ወር በ25 ተሸጦ ይሆናል።

6. ይተኮሳል? በዓይን ፍተሻ

ከመሸጥ የተረፈውን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ አዙሩት። አረንጓዴ ዝገት ቀለሁን በልቶ ጎድጎድ ካደረገ ወደሚወገደው ክምር ጣሉት (አወጋገዱ ቁጥር 9 ላይ አለ)። አፉ አካባቢ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ጣሉት። ናስ ሲያረጅ እንዲህ ይሰነጠቃል። እርሳሱን በጣት ስትነኩት ከተሽከረከረ ወይም ከተወዛወዘ ጣሉት። ጠርዙ ላይ የመርፌ ምልክት ካለ አንዴ ተሞክሮ የከሸፈ ነው። አንድ ሰው ነው ቆርቆሮ ውስጥ መልሶ የወረወረው። የጠቆረ ብቻ ከሆነ ግን ችግር የለውም፤ ናስ ይጠቁራል። ትንሽ ነጭ ዱቄትም ጥይቱን አይገድለውም፤ ብዙ ከሆነ ግን ምን አለፋችሁ።

ጠመንጃውንም አስቡ። ሬሚንግተን በ1930 ኃይለኛውን 22 ከማውጣቱ በፊት የተሠሩ ጠመንጃዎች ለዝግተኛው ጥይት የተሠሩ ናቸው። "ሃይ ስፒድ" ወይም "ሃይ ቬሎሲቲ" የሚል ሳጥን ለእነሱ አይሆንም። የሚያዝግ ቅመም ያለውን ደግሞ እኔ አልተኩስም። ተኩሼ ከሆነ ግን ያኑ ቀን በርሜሉን በፈላ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት እቀባለሁ። ጨውን የሚያስወጣው ውኃ ነው፤ ዘይት ብቻውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም።

7. አሥር ፍሬ ሞክሩ

ከአንድ ሳጥን ከየጥጉ አሥር ፍሬ ምረጡ። ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ሂዱ። አንዳንድ ሬንጅ አሮጌ ጥይት አይፈቅድም፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግድ ነው። በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ይዛችሁ አትሂዱ። በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ቦልት ያለው ይሁን። አንድ አጉርሱ፣ አንድ ተኩሱ፣ ቀለሁን አንስታችሁ እዩ።

ሦስት ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል።

"ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩ። አሮጌ ቅመም አንዳንዴ ዘግይቶ ይቀጣጠላል። ከዚያ አውጡት። ጠርዙ ዙሪያ ቅመሙ እኩል ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሌላ ቦታው ላይ አንዴ ብቻ ሞክሩ። እንደገና ከከሸፈ ሬንጁ ለከሸፉ ጥይቶች ያስቀመጠው ባልዲ ውስጥ ይግባ።

ድምፁ እንደ ወትሮው ሳይሆን "ፓፍ" ካለ እዚያው ቁሙ። በጣም አደገኛው ይህ ነው። ባሩዱ ደክሞ እርሳሱ በርሜሉ መሃል ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛ ጥይት ከኋላው ከተኮሳችሁ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ፣ መወልወያውን ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፉ። ካላለፈ ጠመንጃ ሠሪ ጋ ሂዱ።

ቀለሁ ተሰንጥቆ ከወጣ፣ ወይም የጋዝ ትፍታ ፊታችሁን ከነካ፣ የዚያ ሳጥን ጉዳይ አብቅቷል። "አንዱ ነው እንጂ" አትበሉ።

አሥሩም በደህና ከሄዱ ቀሪውን ለባዶ ቆርቆሮ ዒላማ፣ ለልምምድ ተኩሱት። እኔ ከአሥር ሁለት ከከሸፈ ሳጥኑን እተወዋለሁ። ለአደን ወይም ለውድድር አሮጌ ጥይት አይታመንም። የወዳጄ ባለ ባርኮድ ሳጥን አሥሩንም ተኮሰ። ባለ ዚፕ ኮዱ ሦስቴ ከሸፈ፣ አንዴ "ፓፍ" አለ። ዘንጉ አለፈ፤ እኛ ግን ሁለተኛ አልሞከርነውም።

8. መሸጥ ከሆነ

ስድስቱንም የሳጥኑን ጎኖች በተፈጥሮ ብርሃን ፎቶ አንሱ። እንከኑን አስቀድማችሁ አሳዩ። ኢቤይ ጥይት አያሸጥም። ገንብሮከርን የመሰሉ የመሣሪያ ጨረታ ገጾች ያሸጣሉ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥይት በምንም መልኩ አይቀበልም፤ ዋሽቶ መላክ ወንጀል ነው። የግል አጓጓዦች የየራሳቸው ጥብቅ ደንብ ስላላቸው ሽያጩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደውሉ። ለአንዲት ሳጥን ይህ ሁሉ ጣጣ አያዋጣም። ጋን ሾው (የመሣሪያ ገበያ) ላይ የጥይት ሰብሳቢ ጠረጴዛ ፈልጋችሁ በእጅ ብትሸጡ ይቀላል። ዕድሜውን የሚያረጋግጥ መታወቂያ ጠይቁ፤ ማንነቱ ለሚያጠራጥር ሰው አትሽጡ። ብዙና የቆየ ክምችት ከሆነ፣ በተለይ ከ22 የወፈሩት ካሉበት፣ መሣሪያ ለሚያጫርት ድርጅት አሳዩ።

የፒተርሷ ሳጥን በሁለተኛው ጋን ሾው ተሸጠች። የመጀመሪያው ሰው ክዳኑን ነካ ነካ አድርጎ የማይረባ ዋጋ ሰጠን። ሁለተኛው ኪሱ ውስጥ የያዘውን አጉሊ መነጽር አውጥቶ እሽጉን ዙሪያውን አየ፤ አልተከራከረም። ገንዘቡ ለሁለት ሰው ክትፎ ከነመጠጡ በቃ፣ ትንሽም ተረፈ።

9. የቀረውን ማስወገድ

ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ የቆሻሻ መኪናው ይጨፈልቀዋል። እሳት ውስጥ አይጣልም። አይቀበርም። ለአካባቢው ፖሊስ በ911 ሳይሆን በመደበኛው ቁጥር ደውሉና "አሮጌ ጥይት ማስረከብ እፈልጋለሁ" በሉ። ብዙ ጣቢያ ይቀበላል። ጥይቱን ይዛችሁ ሳትደውሉ ጣቢያ ዘው እንዳትሉ፤ እንዴት እንደምታመጡት እነሱ ይንገሯችሁ። አንዳንድ ሬንጅም ይቀበላል።

የወዳጄ ቆርቆሮ ይዘቱ ሙሉ በሙሉ፣ ከረጠበው ሳጥንና ከዚፕ ኮዱ ጋር፣ ወደ ፖሊስ ሄደ። ባዶው ቆርቆሮ ተመልሶ መጣ፤ አሮጌ ስለሆነ ያምራል። ባለቤቱ አጥባ የተቆላ ቡና ልታስቀምጥበት ስትል ደረስኩ። እርሳስ ሲፋተግበት የኖረ ዕቃ ነው። አሁን ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ይዞ ተቀምጧል።